ጥጃዋ የጎረቤት ናት

በአጥቢያችን በጦርነት ለተፈናቀሉ ወገኖች ዱቄትና ብርድ ልብስ ስናድል አንዲት እናት ድርሻዋን ወስዳ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ጥቁር አዝሙድ ጣል ያለበት ትኩስ አምባሻ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። «ቅመሱልኝ» አለች። እኔ ደግሞ ደግ የሆንኩ መስሎኝ «ኧረ እህቴ፣ ለልጆችሽ ይሁን» አልኳት። ፊቷ ጭልም አለ። አምባሻዋን መልሳ ጠቅልላ ሄደች።

ያደረግኩት ነገር የገባኝ 1ኛ ነገሥት 17ን እንደገና ሳነብ ነው። የሰራፕታዋ መበለት የቀራት እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር። ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት እንጨት ትለቅማለች። ኤልያስ ግን አስቀድማ ለእሱ እንጎቻ እንድትጋግርለት ጠየቃት። ድሮ ይህ ቦታ ይከብደኝ ነበር፤ ከደሀ አፍ መንጠቅ ይመስለኛል። አሁን ሳየው ነቢዩ በዚያ ረሀብ ውስጥ እንኳ እንደ ቤት እመቤት ነው ያናገራት። እንግዳ የመቀበል ክብሯን አልነፈጋትም። ማድጋው ያልጎደለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ተቀባይ ሰጪ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩዋንዳን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1994 በቱትሲዎች ላይ በተፈጸመው የዘር ፍጅት በ100 ቀናት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ኒያማታ በሚባል ቦታ መሸሸጊያ ይሆነናል ብለው ቤተ ክርስቲያን የገቡ ሰዎች እዚያው ታረዱ። ልብሳቸው አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተከምሮ መታሰቢያ ሆነ። ከገዳዮቹ ብዙዎቹ ክርስቲያን ነን የሚሉ ነበሩ። ይህን ዘለን ስለ እርቅ መስበክ አንችልም።

በዚያ ዘመን ከብቱም አልቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥት «ጊሪንካ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። በቋንቋቸው «ላም ይኑርህ» የሚል የቆየ ምርቃት ነው። ደሀ ቤተሰብ ላም ይሰጠዋል። ወተቱ ለልጆች፣ የተረፈው ለገበያ፣ ፍጉ ለማሳ። የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ ግን የቤቱ አይደለችም፤ ለሌላ ደሀ ጎረቤት ትሰጣለች። እስቲ አስቡት፤ ልጆች ሲያሻሿት የኖረች ጊደር፣ ገመዷ ተይዞ ጎረቤት ግቢ ስትገባ። ያ ጎረቤት ወገንህን ከገደሉት ሰዎች ቤት የሆነበት ጊዜም አለ። ገመዱን የሚያቀብለው ሰው ደግሞ ትናንት ተቀባይ ነበር።

ላም ፍትሕን አትተካም። ጋቻቻ የተባሉት የመንደር ሸንጎዎች እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አይተዋል፤ ያም ግድ ነበር። ሸንጎ ግን የሰው እጅ እንደገና እንዲዘረጋ ማድረግ አይችልም።

ለወሎ፣ ለትግራይ፣ ለአፋር ከውጭም ከአገር ውስጥም የምትልኩ ወገኖች፣ አትተዉ። ያዕቆብ በመልእክቱ «እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ» ብሎ ባዶ እጅ መሸኘትን ይወቅሳል። እንዲህ ያለው ባዶ ቃል የእኛው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ግን ስትልኩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተቀባዩስ ለማን ይሰጣል? ዘር የወሰደ ገበሬ በመኸር ለጎረቤቱ ዘር ያካፍላል? ፍየል ያገኘች እናት የመጀመሪያዋን ግልገል ለማን ትሰጣለች? ይህን ከእነሱው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ያችን እናት ፈልገን አገኘናት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ለሚመጡት አምባሻ የምትጋግረው እሷ ናት፤ ዱቄቱ ከእኛ፣ ሙያው ከእሷ። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ በላሁ።