ከስትሮክ በኋላ ጉድለትን ማወቅና ስልት መለማመድ

ስትሮክ ግራ ክንዱን ያሰነከለበት ሰው «እጅዎ ይንቀሳቀሳል?» ሲባል «አዎ፣ ደህና ነው» ሊል ይችላል። እየዋሸ አይደለም፤ ጉዳቱ የራስን ጉድለት የምናውቅበትን የአንጎል ሥራም ነክቶት ነው። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ጆሴፍ ባቢንስኪ በ1914 እ.ኤ.አ. አኖሶግኖዥያ ብሎ ሰየመው። በብዛት የሚታየው የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ነው። እንዲህ ዓይኑን ያፈጠጠው መልኩ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይለዝባል። ተሃድሶን ለረጅም ጊዜ የሚያሰናክለው ረቀቅ ያለው ነው፤ ታካሚው «ግራ ጎኔን እዘነጋለሁ» ብሎ ይናገራል፣ ወዲያው ተነስቶ በግራ ትከሻው የበሩን መቃን ይገጫል።

የነርቭ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ክሮሰንና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. የራስን ጉድለት ማወቅን በሦስት እርከን ለይተውታል፦ ችግሩን በቃል ማወቅ፣ ችግሩ ሲፈጠር እዚያው መያዝ፣ ሳይፈጠር አስቀድሞ መገመት። በቃለ መጠይቅ ብቻ የሚመዝን ባለሙያ የመጀመሪያውን እርከን ለክቶ ሌሎቹ ሁለቱ እንዳሉ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ የታካሚው መልስ ከቤተሰቡ መልስና ሥራ ላይ ከታየው ጋር ይነጻጸራል።

ልምምዱ በግምት ይጀምራል። ታካሚው ሻይ ከማፍላቱ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት፣ የት እንደሚቸገርና ስንት ጊዜ እርዳታ እንደሚሻ ይናገራል፤ ይጻፋል። ከዚያ ያፈላል፤ በመጨረሻም ግምቱንና የሆነውን ራሱ ጎን ለጎን ያያል። ባለሙያው ስህተቱን ሲያይ ዝም ብሎ ይጠብቃል (አደጋ የሚያስከትል ካልሆነ በቀር)፤ ይህ ዝምታ ከሁሉም ይከብዳል። ከጠበቀ በኋላ «አሁን ምን አዩ?» ይላል፣ ካልሆነ «ሁሉም ዕቃ ተሟልቷል?»፣ በመጨረሻም «ግራውን ይመልከቱ»። ሥራው ከቀለለ የሚታይ ስህተት አይኖርም፤ ከከበደም ታካሚው ተስፋ ይቆርጣል።

ስልቱን በተመለከተ፣ ካናዳዊቷ ሄሌን ፖላታይኮና አንጀላ ማንዲች እንቅስቃሴ ለሚያስቸግራቸው ሕፃናት ያዘጋጁት ኮ-ኦፕ የተባለው ዘዴ ለስትሮክ ታካሚዎችም ይውላል። አራት ቃላት አሉት፦ ግብ፣ ዕቅድ፣ ተግባር፣ ፍተሻ። ግቡን ታካሚው ይመርጣል፤ ለአፈጻጸሙና ለእርካታው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ሸሚዝ መልበስ ከሆነ ዕቅዱ «የደከመው እጅ ቀድሞ ይግባ» ሊሆን ይችላል፤ ሲወልቅ ተቃራኒው ነው። ይህን ባለሙያው ከነገረው ታካሚው ሸሚዝ መልበስን እንጂ ማቀድን አይለምድም፤ በጥያቄ ወደዚያው ይመራዋል።

የአክዩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ የማለማመድ ሕክምና) ባለሙያዋ ጆአን ቶግሊያ የምታስጠነቅቀው ስልቱ በአንድ ሥራ ታስሮ እንዳይቀር ነው። «ግራውን ጠርዝ ሳልነካ አላቆምም» የሚለው ስልት በትሪ ላይ፣ ቀጥሎ በመድኃኒት ሣጥን፣ ቀጥሎ በገበያ ዝርዝር ይሞከራል፤ የሥራው ክብደት ሳይጨምር መልኩ ብቻ ይለወጣል።

ሥራውን በብዛት የሚያበላሸው የቤተሰብ ርኅራኄ ነው፤ የሸሚዙን ቁልፍ ሌላ ሰው ከቆለፈለት የሚታይ ስህተት የለም። ፊት ለፊት «አትችልም!» ብሎ መከራከርም ራስን የመከላከል እልህን ብቻ ያሳድጋል። የማስታወስ ችሎታው በጣም ለተጎዳ ሰው ደግሞ ከስህተት መማር አይሠራም፤ የተሳሳተውን እርምጃ ስለሚለምደው፣ ከመጀመሪያው በትክክለኛው መንገድ ብቻ ይመራል። መናገርም ሆነ መረዳት የተሳነው በሥዕልና በምልክት ይታገዛል። ጉድለቱ ግልጽ እየሆነለት ሲሄድ ሐዘን ሊበረታበት ስለሚችል፣ በዚያው ሳምንት የድባቴ ምልክት መጠየቅ ያስፈልጋል።