«ስ ላቬ»፦ በፈረንሳይኛ መታጠብ

ፈረንሳይኛ ጀማሪን ግራ ከሚያጋቡ ግሶች አንዱ «ስ ላቬ» ነው፤ መታጠብ ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ሩቅ አይደለም። እኛ «አጠበ»ን «ታጠበ» እንደምናደርገው፣ ፈረንሳይኛ ከግሱ በፊት አንዲት ትንሽ ቃል ያስገባል። «ዠ ላቭ ላ ቯቱር» መኪናውን አጥባለሁ፤ «ዠ ም ላቭ» ደግሞ እታጠባለሁ። ቃሏ ከባለቤቱ ጋር ትቀየራለች፦ «ቱ ት ላቭ» ትታጠባለህ፣ «ኤል ስ ላቭ» እሷ ትታጠባለች፣ «ኑ ኑ ላቮን» እንታጠባለን። «ኑ» ሁለቴ መምጣቱ ስህተት አይደለም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። «እጄን እታጠባለሁ» ስንል የእኔነቱን እጁ ላይ እንለጥፋለን። ፈረንሳይኛ ግን «ዠ ም ላቭ ሌ ሜን» ይላል፤ «ሜ ሜን» (እጆቼን) አይልም። የማን እጅ እንደሆነ «ም» አስቀድማ ነግራናለችና።

ላለፈ ጊዜ ረዳት ግሱ «አቯር» (ያለው መሆን) ሳይሆን «ኤትር» (መሆን) ነው፦ «ዠ ም ስዊ ላቬ»፣ ታጠብኩ።