ሥራና ሥራ ማጣት በኮሜዲ ፊልሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ሥራ፣ ስለ አለቃና ስለ ሥራ አጥነት የተሠሩ ኮሜዲ ፊልሞች ቶሎ ይፈረድባቸዋል። አንዳንዱ ጊዜ ማሳለፊያ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል፤ ሌላው በሰው ችግር ያላግጣሉ ብሎ ይወቅሳቸዋል። ሁለቱም ፍርድ ፊልሞቹን ረጋ ብሎ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። ደጋግመው ከሚነሱት አስተያየቶች የተወሰኑትን እየጠቀስኩ እውነታውን ላስቀምጥ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በሥራ አጥ መሳቅ ነውር ነው»

በሥራ አጥ መሳቅማ ነውር ነው። ግን ፊልሙ የሚያስቀን በማን ነው? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። በ1997 የወጣውን የእንግሊዞቹን «ዘ ፉል ሞንቲ» እንውሰድ። ታሪኩ የሚካሄደው በሼፊልድ ነው፤ የብረት ፋብሪካዎቿ ተዘግተው ሠራተኞቿ የተበተኑባት ከተማ ናት። ፊልሙ የሚከፈተው የከተማዋን ዕድገት በሚያሞግስ የድሮ የማስተዋወቂያ ፊልም ነው። ወዲያው ግን ባዶ የቀረ ፋብሪካ ውስጥ ይዞን ይገባል፤ ሁለት የቀድሞ ሠራተኞች የብረት ምሰሶ ሰርቀው ለመውጣት ይታገላሉ። የሚቀለደው በተሰጠው ተስፋ ነው፤ በሰዎቹ አይደለም።

ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ጄራልድ የፋብሪካው ፎርማን የነበረ ሰው ነው። ሥራውን ካጣ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ሚስቱ ግን አታውቅም። ለአዲስ ሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ ሳለ ጓደኞቹ ከመስኮቱ ውጭ ሆነው የገዛ አትክልት ቦታውን ማስጌጫ አሻንጉሊቶች እያንቀሳቀሱ ልቡን ይሰርቁታል። ተመልካች በሳቅ ይፈነዳል። ቀጥሎ ጄራልድ ያ ዕድል ለእሱ ምን ማለት እንደነበር እየጮኸ ሲነግራቸው ሳቃችን ያሳፍረናል፤ ከጓደኞቹ ጋር አብረን ጥፋተኞች ሆነናልና። ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያስለቅስ ፊልም ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ተመልካቹን ከአዛኞቹ ወገን አስቀምጦት ንጹሕ እንደሆነ ያስወጣዋል። ለዚህ ነው ኮሜዲው ለሥራ አጡ የበለጠ ታማኝ ነው የምለው።

እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ «እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሁሉንም ነገር አሳምረው ይጨርሳሉ» የሚለውም ትክክል አይደለም። በ«ዘ ፉል ሞንቲ» መጨረሻ ሰዎቹ ለአንድ ሌሊት መድረክ ላይ ይወጣሉ እንጂ ፋብሪካው አይከፈትም።

«ሥራን ያስጠላሉ፣ ስንፍናን ያወድሳሉ»

ይህን የሚል ሰው የቻርሊ ቻፕሊንን «ሞደርን ታይምስ» (1936) እንደገና ቢያይ ደስ ይለኛል። ከፊልሙ ሁሉም የሚያስታውሰው ቻፕሊን በሁለት እጁ ሁለት ኪያቬ ይዞ፣ እየሮጠ በሚያልፍ የማሽን ቀበቶ ላይ ብሎን ሲያጠብቅና በመጨረሻ አእምሮው ሲታወክ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን ይረሳል። ሰውየው ከሥራ ወደ ሥራ ሲንከራተት ይውላል፦ መርከብ በሚሠራበት ቦታ ይቀጠራል፤ በትልቅ መደብር የሌሊት ዘበኛ ይሆናል፤ የመካኒክ ረዳት፣ በመጨረሻም ዘፋኝ አስተናጋጅ ይሆናል። ፋብሪካው ሊከፈት ነው የሚለውን ዜና ጋዜጣ ላይ ሲያነብ በሩጫ ይሄድና በሥራ ፈላጊ ሕዝብ መሐል ተጋፍቶ በሩ ሳይዘጋበት ይገባል። ሰነፍ ሰው እንዲህ አይጋፋም።

በእርግጥ እስር ቤትን የሚመርጥበት ጊዜም አለ። ይህ ግን ስለ ስንፍናው ሳይሆን ውጭ ስላለው ረሃብ የሚናገር ነው። በዘበኝነቱ ሌሊት መደብሩን ሊዘርፉ ከገቡት አንዱ የቀድሞ የፋብሪካ ባልደረባው ሆኖ ይገኛል፤ ያመጣውም ረሃብ ነው።

አንድ ትዕይንት በተለይ በደንብ መታየት አለበት። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሠራተኛው ሥራ ሳያቆም እንዲበላ የሚያጎርስ ማሽን በቻፕሊን ላይ ይሞከራል፤ ማሽኑ ይበላሽና በቆሎውን ፊቱ ላይ ያሽከረክርበታል፣ ሾርባውን ይደፋበታል፣ ብሎን ሳይቀር ያጎርሰዋል። በኋላ ደግሞ አለቃው የሆነው መካኒክ ማሽን ውስጥ ተሰንጎ ጭንቅላቱ ብቻ ውጭ ይቀራል። በዚህ መሐል የምሳ ሰዓት ይደርሳል። ቻፕሊን ማውጣቱን ትቶ የሰውየውን ምሳ ያወጣና ራሱ ያጎርሰው ጀመር፤ ቡናውን ወደ አፉ የሚያፈስበት ነገር ፈልጎ፣ የተጠበሰውን ዶሮ እንኳ ማፍሰሻ አድርጎ። ማጉረስ ያው ማጉረስ ነው፤ አንደኛውን ጊዜ ግን ማሽን ደቂቃ ለማትረፍ አደረገው፣ ሁለተኛውን ሰው ለባልደረባው አደረገው። ቻፕሊን የጠላው ሥራን ሳይሆን ሰውን የማሽን ክፍል አድርጎ መቁጠርን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚገልጽ ነገር የለም።

«የቀልዱ ምንጭ ሁልጊዜ ክፉ አለቃ ነው»

ክፉ አለቃ ያለባቸው ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጡት ግን አለቃውን ተራ ሰው አድርገው ያሳዩና ጥያቄውን ወደ ሠራተኛው ያዞሩታል። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በ1932 ድምፅ አልባ በሆነ ፊልሙ ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን ያሳየናል። በአለቃው ቤት በሚታይ አጭር ፊልም ላይ አባታቸው አለቃውን ለማሳቅ ፊቱን እያጣመመ ሲቀልድ ያያሉ። አዋቂዎቹ ይስቃሉ፤ ልጆቹ ግን ያፍራሉ። ለምን ትሰግድለታለህ ብለው አባታቸውን ያፋጥጡታል፤ ደመወዝ ስለሚከፍለኝ የሚለው መልሱም አያሳምናቸውም፣ ምግብ አንበላም ብለው ያድማሉ። አለቃው ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ተግባቢ ሰው ነው። የሚያምመውም ለዚህ ነው።

በቢሊ ዋይልደር «ዘ አፓርትመንት» (1960) ውስጥ ያለው ጸሐፊም ማንም አላስገደደውም። 31,259 ሠራተኞች ባሉት የኢንሹራንስ ድርጅት ዕድገት ለማግኘት ሲል አለቆቹ ሴት ወዳጆቻቸውን እንዲያመጡበት የመኖሪያ ቤቱን ቁልፍ ያውሳል። የቢሮው አዳራሽ ማለቂያ የሌለው እንዲመስል ወደ ኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች እያነሱ እንዲሄዱ ተደርገው ተሠርተዋል፤ በኋለኞቹም አጫጭር ሰዎች ተቀምጠዋል። ፊልሙ አምስት ኦስካር አግኝቷል፤ አንዱ ለዚሁ የመድረክ ዝግጅት የተሰጠ ነው።

«ቀልድ ስለሆነ ቁም ነገር የለውም»

«ናይን ቱ ፋይቭ» (1980) ሦስት የቢሮ ሠራተኛ ሴቶች አለቃቸውን አግተው መሥሪያ ቤቱን ስለሚያስተዳድሩበት ጊዜ ነው። የስሙ መነሻ በ1973 በቦስተን የቢሮ ሠራተኛ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ ፊልሙ ሲዘጋጅም እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ስለ ኑሯቸው ተጠይቀዋል። ሦስቱ ሴቶች ሥራ ቦታው ላይ የሕፃናት ማቆያ ይከፍታሉ፤ የሥራ ሰዓት እንደ ሰው ሁኔታ እንዲስተካከል ያደርጋሉ፤ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ይጀምራሉ። በመጨረሻ የድርጅቱ የበላይ መጥቶ ለውጡን ሁሉ ያደንቅና እኩል ክፍያው ግን መቅረት አለበት ይላል። ሕግ የሚያወጣ ፊልም የለም። አንድ ማኅበር ለዓመታት የጮኸበትን ጥያቄ ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲህ አድርጎ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም።

«ሲኒማ ቤት ካልሸጠ፣ ወድቋል»

የ1999ኙ «ኦፊስ ስፔስ» በሲኒማ ቤት ያስገባው ከወጪው ብዙም አይበልጥም። የቢሮ ሠራተኞች ያገኙት በኋላ፣ በቪዲዮና በቴሌቪዥን ነው። በፊልሙ የሚታየው ቀይ ስቴፕለር ያን ጊዜ በአምራቹ አይሠራም ነበር፤ ለፊልሙ ሲባል ነው ቀለም የተቀባው። ጠያቂ ሲበዛ አምራቹ ቀዩን ማምረት ጀመረ።

«እንዲህ ያለ ፊልም መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል»

ሥራውን ማወቅ ነው የሚጠይቀው። ኬቨን ስሚዝ «ክለርክስ»ን (1994) የቀረጸው በ27,575 ዶላር፣ ራሱ በሻጭነት ይሠራበት በነበረ ሱቅ ነው። ቀን ደንበኛ ስላለ የሚቀርጸው ሌሊት ነበር። ጨለማው እንዳይታወቅበትም ቁልፉ ላይ ማስቲካ ተወትፎበት የሱቁ ብረት መዝጊያ አልከፈት አለ የሚል ሰበብ ታሪኩ ውስጥ አስገባ። ደንበኞቹ ደግሞ አንድ ሻጭ ብቻ ሊያያቸው የሚችሉ ዓይነት ናቸው፦ አንዱ መሬት ላይ ተቀምጦ እንከን የሌላቸው አስራ ሁለት እንቁላሎች ለመሰብሰብ አንድ በአንድ ይመረምራል። ሰውየው የተማሪዎች አማካሪ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ያለች ደንበኛ እንደምትለው፣ ሥራው ትርጉም ስላጣበት ነው እንዲህ የሆነው።