የአካል ጉዳተኞች የኪነ ጥበብ ተሳትፎ በሐዋሳ

በሐዋሳም ሆነ በሌላው የአገራችን ከተማ “አካል ጉዳተኛ ከያኒ” ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ኪቦርድ ወይም ክራር የያዘ ዓይነ ስውር ነው። ግምቱ ሥር አለው። ቅኔ በቃል ተቆጥሮ በቃል የሚዘረፍ ትምህርት በመሆኑ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር መምህር ጉባኤ ዘርግቶ ሲያስተምር ማየት ብርቅ አልነበረም። ችግሩ ግን ልማዱ አንድ በር ብቻ መክፈቱ ነው፤ ለዘፋኙ የሚያጨበጭበው ታዳሚ፣ በዊልቸር ላይ ያለ ተዋናይ ሲያይ ግራ ይገባዋል።

የከተማዋ ሰፊ የጋራ መድረክ ሐይቁ አጠገብ ያለው ጉዱማሌ ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ የሚከበረው እዚያ ነው። የበዓሉ የኅብረት ዜማና ጭፈራ ዕድሜ፣ ጾታና ማዕረግ አይለይም፤ ክራንች የያዘም ካለበት ሆኖ ይቀበላል። ግፊያው ሲበረታ ግን ዳር መያዝ ግድ ይሆናል።

በአዳራሽ ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ይሁንና ራምፕ (ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ) ሲሠራ የሚታሰበው ተመልካቹ ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ወደ መድረክ የሚያወጡት ደረጃዎች ይረሳሉ። ሐዋሳ ሜዳማ መሆኗ ዊልቸር ለሚገፋ እፎይታ ነው። ዊልቸርና ኪቦርድ በአንድ ባጃጅ መጫን ግን ሌላ ትግል ነው።

የቲያትር ጽሑፍ ማጥናትም የራሱ ጣጣ አለው። የአማርኛ ብሬል (ዓይነ ስውራን በጣት ዳስሰው የሚያነቡት ጽሕፈት) ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ ጥራዙ ይወፍራል፤ ቃለ ተውኔቱን በስልክ ቀድቶ ማዳመጥ ይቀላል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል በበኩሉ ተነባቢውን በእጅ ቅርጽ፣ አናባቢውን በእጅ እንቅስቃሴ ያሳያል። ለመድረክ የተፈጠረ ይመስላል! መብራቱ ሲደበዝዝ ግን ንግግሩም አብሮ ይጠፋል፤ ለሌላው ተመልካች ስሜት የሚፈጥር ጨለማ፣ መስማት ለተሳነው ዝምታ ነው።

ዳንስ በጣም የተዘጋው ዘርፍ ይመስላል፤ ያለ በቂ ምክንያት። እስክስታ የትከሻ ጨዋታ ነው፣ ተቀምጦም ይመታል። በአዲስ አበባ የአዱኛ ዳንስ ቲያትር አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችን አሠልጥኖ ለመድረክ አብቅቷል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 30 መብቱን በተመልካችነት አይገድበውም፤ የራስን የፈጠራ ችሎታ ማዳበርንና መጠቀምን ይጨምራል። መጠቀም ሲባል ክፍያም አለበት። ኅዳር 24፣ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ ግብዣው ይበዛል፤ ለሙዚቀኛው የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ የምስክር ወረቀትና ምሳ ነው። የሠርግ ሥራ ይሻላል፤ እዚያ ቀብድ ይከፈላል።