«አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለመጣ አንዴ ላስረዳ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሲስፋፋ ብዙ ሆስፒታሎች «አስቸኳይ ያልሆኑ» ሕክምናዎችን አቁመው ነበር። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው የማደንዘዣ መርፌም በብዙ ቦታ እዚያ ውስጥ ገባ። ታማሚው ግን ቃሉን የሰማው «ሕመምህ ቀላል ነው» እንደተባለ ነው። ያናድዳል፤ እውነት ለመናገር አጠራሩም አያግዝም።

የሚለካው ግን ጊዜ ነው እንጂ የሕመሙ ክብደት አይደለም። ቢዘገይ ሕይወት ወይም አካል ወዲያው አደጋ ላይ ይወድቃል? ካልወደቀ ቀጠሮው ሊገፋ ይችላል።

ለምሳሌ አንዲት ሴት ሌሊት ሌሊት እግሯን እንደ እሳት ይለበልባታል እንበል። አንሶላ ሲነካት እንኳ ትዘላለች። እንዲያም ሆኖ መርፌዋ ሊራዘም ይችላል። ይቺው ሴት ድንገት እግሯ ቢዝል፣ ብልቷ አካባቢ ቢደነዝዛት ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ቢያቅታት ግን ነገሩ ተቀየረ። ይሄ ድንገተኛ ነው። የሕክምና ገደብ ኖረም አልኖረም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ደግሞ ቀጠሮ ቀረ ማለት መድኃኒት ይቁም ማለት አይደለም። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን በድንገት ሲቋረጡ እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ አንዳንዴም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ ሳያልቅ ለሐኪማችሁ ደውሉ።

ሐኪም በስልክ ማዘዣ ይሰጣል ወይ፣ የስንት ወር መድኃኒት በአንዴ ይገኛል የሚለው እንደየአገሩና እንደየሆስፒታሉ ይለያያል። ስትደውሉ «ቀጠሮዬ ተሰርዟል ወይስ ተላልፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሰረዘበት ሰው ወረፋውን ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።