«መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሬ ይታደሳል» እና ሌሎች ደሴ ላይ የሰማኋቸው

ባለፈው ቅዳሜ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። እትዬ የግቢው ባለቤት ናቸው። አራት ተከራይ አላቸው፤ የኢንተርኔቱን ሒሳብ በጋራ ይከፍላሉ። አቦሉ ሳይቀዳ «አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቅ የለ? ይቺ ዋይፋይ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትንቀራፈፈው?» አሉኝ። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፣ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉን አነሳሁለት፤ አየር ማስወጫው ታፍኖ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ግሏል።

እሳቸውና ተከራዮቹ ስለዚያች ሳጥን የነገሩኝን ሌላ ቤት ስሄድም እሰማዋለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ እንየው።

«የዋይፋዩ ፓስወርድ ከባድ ነው፤ ማን ይገባል?»

የእትዬ የዋይፋይ ፓስወርድ በእርግጥ የሚያስቀና ነው። ረጅም ነው፣ በቀላሉም አይገመትም። እሱን አስገብቼ ከተገናኘሁ በኋላ ስልኬ ብራውዘር ላይ የራውተሩን የራሱን አድራሻ፣ 192.168.1.1 ብዬ ጻፍኩ። ስም ጠየቀኝ፤ አድሚን አልኩ። ፓስወርድ ጠየቀኝ፤ እሱንም አድሚን አልኩ። ተከፈተ።

«እንዴ! ሳታንኳኳ ገባህ?» አሉ፣ ሲኒው እጃቸው ላይ እንዳለ።

ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ የዋይፋዩ ነው፣ ለእንግዳ የምንሰጠው። ሌላው የራውተሩ የራሱ ነው፣ ሴቲንጉን የሚከፍተው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይቀይርና ሁለተኛውን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል። የፋብሪካው ፓስወርድ ደግሞ ምስጢር አይደለም። ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል፤ በየሞዴሉም ኢንተርኔት ላይ ተዘርዝሯል። ተከራዩ፣ የተከራዩ እንግዳ፣ የእንግዳው ስልክ ላይ ያለ ቫይረስ፣ ዋይፋዩን ካገኙ የውስጡ በር ገርበብ ብሎ ይጠብቃቸዋል።

ገብቶ ምን ያደርጋል? ለምሳሌ ዲኤንኤስ የሚባለውን ይቀይራል። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ትክክለኛውን የቁጥር አድራሻ ፈልጎ የሚያመጣልን ነው። እሱ ከተቀየረ የባንካችሁን አድራሻ አንድም ፊደል ሳትስቱ ጽፋችሁ ሌላ ሰው የሠራው ገጽ ላይ ልታርፉ ትችላላችሁ። ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ሲጮህ «ይሁን፣ ቀጥል» ማለት የለመደ ሰው እዚያ ላይ አለቀለት።

«ወሎ ድረስ መጥቶ የእኔን ራውተር የሚፈልግ ማነው?»

ማንም አይመጣም። የሚፈልገው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ደሴ ትሁን ኮምቦልቻ ደግሞ ለእሱ ለውጥ የለውም። በ2016 (በፈረንጆቹ) ሚራይ የተባለ ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ራውተሮችንና የደህንነት ካሜራዎችን እያንኳኳ 60 ያህል የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ይሞክር ነበር። አድሚን አድሚን ከእነዚያ አንዱ ነው። የተያዙት ዕቃዎች በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ ኩባንያ በአንድ ላይ አጥለቀለቁት። ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ተጠቃሚዎች አልከፈት አሉ። በቀጣዩ ወር የዚሁ ቫይረስ ዝርያ ጀርመን ውስጥ የ900,000 ያህል ደንበኞችን መስመር አቃወሰ። ካሜራቸውና ራውተራቸው ለዘመቻው የተጠለፈባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ነገሩን የሚያውቁበት መንገድ እንኳ አልነበራቸውም።

(የእትዬ መስመር የተንቀራፈፈው ግን በቫይረስ አይደለም። አንደኛው ተከራይ ቀኑን ሙሉ ፊልም ሲያወርድ ነበር።)

«መብራት በጠፋ ቁጥር ራሱን ያድሳል»

ይህን ያለኝ ራሱ ፊልም አውራጁ ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ የእኛን አገር ራውተሮች በአዲስነት የሚደርስባቸው አይገኝም ነበር! ጠፍቶ መብራት ሪስታርት ነው። አፕዴት ሌላ ነው። ፈርምዌር ማለት ራውተሩ ውስጥ ተጭኖ ሥራውን ሁሉ የሚመራው ፕሮግራም ነው። ቀዳዳ ሲገኝበት አምራቹ የተደፈነ አዲስ ቅጂ ያወጣል። ያንን ካልጫናችሁ መቶ ጊዜ ቢጠፋና ቢበራ ያው አሮጌው ነው።

ግማሽ እውነት ግን አለው። ሚራይ የሚኖረው ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ስለነበር መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ችግሩ፣ ፓስወርዱ ካልተቀየረ መብራቱ በመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመለስ ይችላል። በ2018 (በፈረንጆቹ) የተደረሰበት ቪፒኤንፊልተር የተባለ ቫይረስ ደግሞ ይብሳል። በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ዕቃዎችን ይዞ ነበር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዉን ራውተራችሁን ሪስታርት አድርጉ ብሎ መክሯል። ሪስታርቱ አደገኛውን ክፍል ያራግፈዋል፤ ሥሩ ግን እዚያው ይቀራል። እሱን ለመንቀል ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መመለስና አዲስ ፈርምዌር መጫን ያስፈልግ ነበር።

«አፕዴት ራውተር ይገድላል»

ይቺ ወሬ ከእኔ ቤት ወጥታም ሊሆን ይችላል፤ አንዱን በእጄ ገድያለሁና። ክረምት ነው፣ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ጀምሯል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው አፕዴት ያማረኝ። ስድሳ ከመቶ ላይ ሲደርስ መብራት እልም አለ። ተመልሶ ሲመጣ የራውተሩ መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ ቦግ ብለው ይጠፋሉ፣ እንደገና ቦግ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ብዙ ራውተሮች ላይ አዲሱ ፈርምዌር የሚጻፈው አሮጌው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ አሮጌው ተሰርዟል፣ አዲሱም አልሞላ፤ ራውተሩ ምን ይዞ ይነሳ? ሁለት ቅጂ የሚይዙና ከእንዲህ ያለ አደጋ የሚተርፉ አሉ፤ የእኔ ከእነሱ አልነበረም። ገዳዩ አፕዴቱ ሳይሆን እኔ የመረጥኩት ሰዓት ነው።

አሁን ሰማዩን አይቼ ነው የምጀምረው። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ ገዝቻለሁ፤ ስትገዙ የራውተራችሁ አዳፕተር ላይ 9 ቮልት ይላል ወይስ 12 የሚለውን አይታችሁ ይሁን። ላፕቶፑን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኛለሁ። ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ብቻ አወርዳለሁ። ከራውተሩ ሥር ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን የቨርዥን ቁጥርም አያለሁ፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቨርዥኑ ከተለያየ ፈርምዌሩም ይለያያልና። ከመጀመሬ በፊት ሴቲንጉን በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። በተለይ አገልግሎት ሰጪው የሰጠን የመስመሩ ስምና ፓስወርድ ያለበትን ገጽ፤ እሱ ከጠፋ ኢንተርኔቱ አይመጣም። ከዚያ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

ራውተሩን የሰጣችሁ አገልግሎት ሰጪው ከሆነ ግን ከሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ፈርምዌር አትጫኑበት። እነሱን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አፕዴቱን ከርቀት የሚልኩት ራሳቸው ናቸው። አምራቹ ድጋፉን ያቆመበት አሮጌ ራውተር ከሆነም ገንዘቡን ለአዲስ ማስቀመጥ ይሻላል።

«የዋይፋዩን ስም ደብቄዋለሁ፣ ማክ አድሬስም መዝግቤያለሁ»

ድካም ነው። ማክ አድሬስ እያንዳንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ዋይፋይ ላይ የሚታወቅበት መለያ ቁጥር ነው፤ ሐሳቡ የተመዘገበ ብቻ ይግባ ነው። የተደበቀ ስም በነፃ ፕሮግራም ይታያል። ማክ አድሬስም ይኮረጃል። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ማክ አድሬሳቸውን ራሳቸው ስለሚቀያይሩ በር ላይ የሚቀረው የገዛ ልጃችሁ ነው።

«ደብሊውፒኤስ ፓስወርድ ከመጻፍ ይገላግላል»

ሌባውንም ይገላግለዋል። ደብሊውፒኤስ (WPS) ፓስወርድ ሳይጻፍ፣ ቁልፍ በመጫን ወይም ፒን በሚባል አጭር ቁጥር፣ ከዋይፋዩ የሚያገናኝ የራውተር አማራጭ ነው። የደብሊውፒኤስ ፒን 8 አሃዝ ነው፤ ሲታይ መቶ ሚሊዮን ሙከራ የሚፈልግ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ የመጀመሪያዎቹን 4 አሃዞች ለብቻ፣ ቀጣዮቹን 3 ለብቻ ነው የሚያረጋግጠው፤ የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ ከ2011 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ይታወቃል። አጥፉት። እግረ መንገዳችሁንም ከውጭ ሆኖ ሴቲንግ መክፈት የሚያስችለውን አማራጭ ዝጉ፤ የዋይፋዩን የጥበቃ ዓይነት ደግሞ ሴቲንጉ ላይ ካለው ዝርዝር ደብሊውፒኤ 3 (WPA3)፣ ከሌለው ደብሊውፒኤ 2 ከኤኢኤስ ጋር (WPA2-AES) የሚለውን ምረጡ።

«ፓስወርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም»

መሥሪያ ቤት ከሆነ እሺ። ቤት ውስጥ ግን ባሕር ማዶ ያለ ፕሮግራም የእናንተን የልብስ ሳጥን ከፍቶ ወረቀት አያነብም። ወረቀቱን ራውተሩ ላይ ከመለጠፍ ብቻ ተቆጠቡ። ለእትዬ አዲሱን የሴቲንግ ፓስወርድ ደብተር ቅጠል ላይ ጻፍኩላቸው። ሁለቴ አጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ፣ ከባንክ ደብተራቸው ጋር ነጠላቸው ሥር አኖሩት።

በረካው ሲቀዳ ፊልም አውራጁ ተከራይ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ፓስወርድ ተቀየረ እንዴ?»

«የትኛው?» አሉት።