ኑዛዜያችን ውስጥ ሕፃናት አሉ?

በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እያከራዩ ነበር የሚኖሩት። አልጋ ላይ ሲውሉ ለንስሐ አባታቸው፣ «የክፍሎቹ ኪራይ ለሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ይሁንልኝ፤ ደብተር ይገዛበት» አሉ። የሰማን ሁሉ አለቀስን። ከአርባው በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ልጆቻቸው ክፉዎች አይደሉም። አንደኛው «እማዬ ለእኔ የነገረችኝ ሌላ ነው» አለ፣ ወረቀትም አልነበረም። ሕፃናቱ አንድ ደብተር አላዩም።

በቋንቋችን ኃጢአትን ለካህን መናገርም፣ ንብረትን ማውረስም ኑዛዜ ነው። ለእኔ ይሄ ትልቅ ትምህርት ነው። ሰው ሀብቱን ለማን እንደሚተው ሲናገር፣ ልቡ የት እንደነበረም አብሮ ይናዘዛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ አሰበ። በዚያች ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ያከማቸው ለማን እንደሚሆን ተጠየቀ፤ መልሱ አልተጻፈልንም።

ታዲያ ቤተሰብን በትኖ መስጠት ጽድቅ እንዳይመስለን። በማርቆስ 7 ጌታ የገሠጸው ንብረታቸውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ እያሉ አባትና እናታቸውን የማይረዱትን ነው። መጀመሪያ የቤት ሰው፣ ከዚያ የጎረቤት ልጅ። ግን ስንቶቻችን ነን ሁለተኛው ላይ የምንደርሰው?

ተዝካርን እንኳ እንይ። ድሃ እንዲበላበት የታሰበ ነው። አሁን ግን በአብዛኛው የጠገበ ሰው ነው የሚጋበዝበት፤ እኔም ከተጋባዦቹ አንዱ ነኝ። የድግሱ ግማሽ ወጪ ባሏ የሞተባትን እናት የቤት ኪራይ ቢሸፍን፣ ልጆቿ ሳይራቡ ትምህርት ቤት ቢውሉበት፣ ለሟች ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ አይታየኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜን በጣም አጥብቦታል። ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊና ሞግዚት፣ እንዲሁም ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የሚሠራው። በ500 ብር ዛሬ ስንት ደብተር እንደሚገዛ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። ሙሉውን በእጃችሁ ጽፋችሁ፣ ቀን አድርጋችሁ መፈረምም ይቻላል። «ለሕፃናት» ብላችሁ አትተዉት። ማን ተቀብሎ ለምን እንደሚያውለው ይጻፍ፤ ሰበካ ጉባኤው ይሁን እድሩ በስሙ ይጠራ። ከሁሉም በላይ ለልጆቻችሁ በሕይወት ሳላችሁ ንገሯቸው። ከቀብር በኋላ የሚሰማ ስጦታ የተነጠቁ ያህል ያማቸዋል።

እኔም ልናዘዝ፤ የራሴን ገና አልጨረስኩም። ወረቀቱ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሦስት ምስክሮች አግኝቻለሁ፣ አራተኛው ይቀረኛል።